ቀና ሆኖ የዳነው ክንድ

እሜቴ ዘርፌ የባንዳውን ክንድ አላጣመሙትም። በደብረ ታቦር ይህን አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ከእኔ ሌላ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱ ደግሞ አይናገርም። ክንዱ ቀና ሆኖ ነው የዳነው። ተሰብረው ሲጠገኑ ካየኋቸው አጥንቶች ሁሉ እንደዚያ አምሮ የገጠመ አላየሁም።

መሞታቸውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ቀብሩ አመለጠኝና ለአርባቸው ደረስኩ። ዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ እጃቸው ያወራል። አንዱ «እጃቸው እንደ ጥጥ ነበር» ይላል፤ ሌላው «ገና ሲነኩህ ሕመሙ ይሸሽ ነበር» ይላል። አንዲት ሴት «የእናት አንጀት ነበራቸው» ብላ አለቀሰች። በሐዘን ቤት መከራከር ነውር መሆኑን ስለማውቅ ጠላዬን ይዤ ዝም አልኩ፤ ክርክሬንም ወደዚህ ወረቀት አመጣሁት። እኔ ያን እጅ አውቀዋለሁ። እግሬን የሰበረኝ እሱ ነው። ጥጥ አልነበረም። አንጀታቸውንም ቢሆን በስድሳ ሦስት ቀን አብሮ መኖር አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፤ ያየሁበትን ቀን ደግሞ ባላየሁት እመርጥ ነበር።

ወጌሻ ነበሩ። ከጉና ግርጌ እስከ እብናት ድረስ ያለ ሰው ከዛፍ ሲወድቅ፣ በሬ ሲረግጠው፣ የጣሊያን መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ሲንከባለልበት፣ በቃሬዛ የሚመጣው ወደ እሳቸው ነው። ቤታቸው ከገበያው ዝቅ ብሎ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ሰፊ ሣር ቤት ነበር። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ክንዳቸው እንደ አናጢ ክንድ የጠነከረ ሴት ናቸው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። የነበራቸው አንድ ልጅ ነው፤ ይበልጣል ይባላል፣ ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጉና ሥር ባለው መሬታቸው ላይ ገብስ ያርስ ነበር። አንባቢ፣ ይህን ስም ያዝልኝ።

እኔ እዚያ ቤት የገባሁት ጣሊያን ደብረ ታቦርን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከይፋግ ስመለስ በቅሎዬ አዳልጧት ወደቀች፤ እግሬ ከሥሯ ቀረና ቅልጥሜ ተሰበረ። እዚያው ያለ አንድ ሰው አሰረልኝ። ሲፈታ እግሬ ከጉልበቴ በታች ወደ ውጭ ዞሮ ተገኘ። ቆሜ ያየኝ ሰው አንዱ እግሬ ወደ ደብረ ታቦር፣ ሌላው ወደ ጎንደር የሚሄድ ይመስለው ነበር።

እሜቴ ዘርፌ እግሬን በሁለት አውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት።

«ማነው ይህን ያሰረው?»

«ይፋግ ያለ ወጌሻ ነው፣ እሜቴ።»

«ወጌሻ አይደለም፣ አጥር አጣሪ ነው። አጥሩም ቢሆን ከብት ያስገባል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ይሰበራል።»

ሁለት ሰዎች ትከሻዬን ያዙ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው እጃቸውን ከእግሬ ላይ አነሡ።

«ግለጥ።»

«አልችልም፣ እሜቴ።»

«እንግዲያው ውሰዱት። ዓይኑን የጨፈነ ሰው አልሠራም።»

ገለጥኩ። እያየሁ ሰበሩት። ድምፁን አልጽፈውም። ሲጨርሱ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ያላየ ሰው በአሥረኛው ቀን ይነሣና ይረግጠዋል። አንተ አትረግጠውም» አሉኝ። እውነት ነው፣ አልረገጥኩትም። ነገር ግን ሌላም ምክንያት ነበራቸው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሥራቸውን ሰው ሲያይላቸው ደስ ይላቸው ነበር።

በዚያ ቤት ዘጠኝም አሥርም ሆነን እንከርም ነበር። «የተሰበረ ሰው አንቱ አይባልም» ስለሚሉ ቄሱንም፣ ነጋዴውንም፣ ጭቃ ሹሙንም አንተ ነው የሚሉት። እኛ ግን እሳቸውን አንቱ እንላለን፤ ያልተሰበሩት እሳቸው ብቻ ናቸውና። ጧት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ሁላችንንም እያስጎተቱ ከግድግዳው ሥር ይደረድሩናል፤ ክንዱ የተሰበረው ክንዱን፣ ቅልጥሙ የተሰበረው ቅልጥሙን ገልጦ፣ እንዲደርቅ እንደወጣ ሸክላ። ከጉና የሚወርደው ብርድ ፊት ይቆርጣል። በረደኝ ያለ ሰው ስድብ ይጠግባል፤ ደግሞ ካለ ከዘራ ይከተላል። ከብዙ ዓመት በኋላ በመጻሕፍት ሳነብ ሐኪሞች ፀሐይና አጥንት ስላላቸው ዝምድና ረጅም ረጅም ስም አውጥተው አገኘሁ። እሜቴ ዘርፌ ስም አላወጡለትም። ማስወጣት ብቻ ነበር ሥራቸው።

አጥንት ደረቅ ነገር ነው የሚል ሰው አይወዱም ነበር። አንድ ቀን ከእብናት የመጣ ከብት ነጋዴ «አጥንት እኮ እንጨት ነው፣ አንድ ላይ ካሰሩት ዝም ብሎ ይቀመጣል» አላቸው። ያን ዕለት የታረደ በግ ነበርና እግሩን አስመጥተው ፊት ለፊቱ ቀጭ አድርገው ሰበሩት። ደሙ ሰውየው ቁምጣ ላይ ተንጠባጠበ።

«ይኸው እንጨትህ» አሉት። «እንጨት ይደማል? አጥንት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይታመማል። ከመገብከው ይመለሳል፣ ካስራብከው ይቦረቦራል። የሚደርቀው ከተቀበርክ በኋላ ነው። ያኔ እንደፈለግህ አድርገህ እሰረው።»

የበጉን፣ የፍየሉን፣ የአህያውንም አጥንት አያስጥሉም ነበር። ቀቅለው፣ አጥበው፣ በአንድ ስልቻ ያስቀምጡታል። ቀሳውስቱ ስልቻው ውስጥ የሰውም አለበት ብለው ያሟቸው ነበር። አልነበረበትም፤ እኔ እየቆጠርኩ አውጥቼ አይቻለሁ። ሥራ በሌለ ሰዓት አፍስሰው አንዱን ካንዱ ይገጥሙታል፣ ሌላ ሴት ጥጥ እንደምትፈትል።

መብሉም እንደ ፀሐይዋ በግድ ነው። ወተት፣ አጓት፣ ጎመን። መምሬ የምንለው ጭኑ የተሰበረ አንድ ቄስ አብሮን ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ወተቱን ገፋው።

«ጾም ነው፣ እሜቴ።»

«ጭንህም ይጾማል?»

«ሥጋዬ ሁሉ ይጾማል።»

«መልካም። ስትቀድስ በአንድ እግርህ ትቆማለህ።»

ሰውየው ግን አልበላም አለ። እሳቸውም ከሰው ጋር ተከራክረው መሸነፍ ስለማይወዱ ከእብናት ሰሊጥ አስመጥተው፣ አስወቅጠው፣ በጎመን እየለወሱ ያጎርሱት ጀመር። ያጎርሱት ነበር ስል ፍቅር እንዳይመስልህ። መንጋጋውን ይዘው ነው።

ለሴቶች ያዝኑ ነበር የሚሉም አሉ። እኔ ያየሁት ይህን ነው። ጀርባዋ የጎበጠ አንዲት ሴት ባሏ በበቅሎ አምጥቶ «ወገቧን ያቅኑልኝ፣ ውኃ መቅዳት አቃታት» አላቸው። ሴትዮዋ አርባ ዓመት አይሞላትም። ጀርባዋን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ቆጥረው ወረዱ።

«ስንት ወለደች?»

«ዘጠኝ፣ እሜቴ። አራቱ ሞቱ።»

«ዘጠኙንም አጠባች። የላሟን ወተት ስንት ጊዜ ቀመሰች?»

ሰውየው ሣቀ። «ወተቱማ ለቅቤ ነው፣ ቅቤው ለገበያ።»

«እንግዲያው ልጆችህ የጠቡት ጀርባዋን ነው። አይቀናም፣ አልቋል። ይዘሃት ሂድ።» ለሴትዮዋ አንዲት ቃል አልተናገሯትም። እየሰማች ነበር።

እንግዲህ ደግ ነበሩ የምትሉ፣ ደግነት ይህ ከሆነ ከእናንተ ጋር አልጣላም።

እኔ ከተሰበርኩ በስድስተኛው ቀን ባላምባራስ አጣናው መጣ። ማዕረጉን የሰጠው ጣሊያን ነው፤ አንቱታውን እኔ አልጨምርበትም። የባንዳዎቹ አለቃ ነበር። ምሽጉ ውስጥ ማን እንደሚታሰር፣ ማን እንደሚሰቀል የሚያመለክተው እሱ ነው። ክንዴ በጦርነት ተሰበረ እያለ ያስወራል፤ ከተማው ያየው ግን ሌላ ነው። የጣሊያኖቹን የጭነት መኪና እኔ ላስነሣ ብሎ ማስነሻውን ብረት ሲያዞር ብረቱ ተመልሶ መታው። ከክርኑ በታች ያሉት ሁለቱም አጥንቶች ተሰበሩ። የጣሊያኖቹ ሐኪም በጀሶ ጠቀለለው፤ ጣቶቹ ጠቆሩ፤ ስለ መቁረጥ ሲወራ ሰማ። ያኔ ነው ወደ እሜቴ ዘርፌ የሮጠው።

ከሁለት ጠመንጃ ያዦች ጋር ገብቶ መሐል ቤት ቆመ።

«እንዴት ሰነበቱ፣ እሜቴ።»

«ተቀመጥ።»

አንተ መባሉ ከነከነው። አንደኛው ጠመንጃ ያዥ ወደ ፊት ተራመደ።

«እዚህ ቤት አንቱታ የለም» አሉ። «ጠመንጃም የለም። ልጆችህ ደጅ ይጠብቁ።»

ባላምባራስ ሣቀ። «ልጆቼ ደጅ ይጠብቃሉ። የእርስዎ ልጅ ደግሞ እኔ ጋ ይጠብቃል።»

ይበልጣል ዱር ለገቡት በሶ ሲያደርስ በጉና መንገድ ተይዞ ምሽጉ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። አብረውት ከተያዙት ሁለቱ ገበያ መሐል ተሰቅለዋል። እናቱ ከዚያ ወዲህ ስሙን አላነሡም፤ እኛም አናነሣም።

«በሕይወት አለ?» አሉ።

«አለ። ሙሉ ነው፣ አንድ ጥፍር አልጎደለበትም። ክንዴ ቀና ሆኖ የተፈታ ዕለት ይመጣልዎታል። ከተጣመመ ግን ገበያ ወጥተው ያዩታል።»

«አርባ ቀን ይፈጃል።»

«እንግዲያው አርባ ቀን አበላዋለሁ።»

ጀሶውን ቀደው ጣሉት። «እየው» አሉት፤ አየ። አልጮኸም። ይህን መመስከር አልወድም፣ ግን አልጮኸም። የሸምበቆውን ስንጣሪ በጥጥ ጠቅልለው፣ እጁን በቅቤ አሽተው አሰሩለት፤ ለእኔ ከወሰደው ጊዜ እጥፍ ወሰደ።

ከዚያ ወዲያ በየሦስት ቀኑ እየመጣ ማሰሪያውን ያሳያል፤ ከእኛ ጋርም ግድግዳው ሥር ፀሐይ ይሞቃል። እሱ ሲሄድ ሹክሹክታው ይጀምራል። መምሬ አንድ ቀን አላስችለው አለና «እሜቴ፣ እግዚአብሔር ጠላትዎን እጅዎ ላይ ጣለው» አላቸው።

«ጣለው» አሉ። «ከነልጄ።»

እንግዲህ አሁን የምጽፈውን ለሃያ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም።

የባላምባራስ ክንድ በታሰረ በሃያ አምስተኛው ቀን ይሆናል። ጧት ነው፤ ተደርድረናል። እሜቴ ዘርፌ ከወትሮው ደስ ብሏቸዋል፤ የባላምባራስን ክንድ ዳስሰው «ይዟል» ብለዋል። ስብራቱ ላይ የበቀለውን ጉብ ያለ ነገር ለሁላችን በየተራ አስዳሰሱን፤ «የተሰፋበት ነው፣ እያደር ይሟሽሻል» እያሉ። እኔም ዳሰስኩት። አሰልችቶኝ ነበር፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ትንሽ አንብቤ ብዙ የማውቅ የሚመስለኝ ጊዜ ነው፤ ብልህ ጥያቄ ልጠይቅ አልኩ።

«እሜቴ፣ እርስዎስ የማይመልሱት ስብራት አለ?»

ሌላ ወጌሻ ቢሆን «እግዜር ያውቃል» ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን ስለ አጥንት ተጠይቀው ዝም ማለት አይችሉም ነበር።

«አለ» አሉና ስልቻቸውን አስመጡ። ከውስጡ የበግ ክርን አወጡ፤ አጥንቶቹን ገጥመው እያጠፉና እየዘረጉ አሳዩን። «ይህ እንደ በር ማጠፊያ ነው። ከላዩ የተሰበረ ይገጥማል፣ ከታቹ የተሰበረ ይገጥማል። መሐሉ ከተመታ ግን ስብራት አይደለም፣ እንደ ተከካ ጥሬ ብትንትን ነው የሚለው። እኔም አልመልሰው፣ የእነዚያም ሐኪም አይመልሰው።»

ባላምባራስ በግራ እጁ ተቀበላቸው። አገላብጦ አየው።

«እዚህ ጋ?» አለ በጣቱ እያሳየ።

«አይደለም» አሉት፤ ጣቱን ይዘው ትክክለኛው ቦታ ላይ አኖሩለት። «እዚህ ጋ።»

እሱ አጥንቱን መለሰላቸው። ወሬው ወደ ሌላ ዞረ፤ ስለ ዝናብ መሰለኝ።

የባላምባራስ ክንድ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው እግሬን በቅቤ ሲያሹኝ ብቻችንን ነበርን። «ትንሽ ማጣመም አይቻልም ነበር?» አልኳቸው። «አሁን የማይታወቅ፣ ዓመት ቆይቶ የሚያስቸግር?»

«ይቻላል።»

«ታዲያ?»

«ልጄ እጁ ላይ ነው።» ትንሽ አሹና ቆም አሉ። «ደግሞ አስበው። የዘርፌ እጅ ነው እያለ ጠማማ ክንድ ይዞ በየአገሩ ሊዞር?»

ከሁለቱ ምክንያት የትኛው እንደሚበልጥ አልጠየቅኩም። እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም።

አርባኛው ቀን ደረሰ። ስንጣሪው ሲነሣ ክንዱ ከስቶ፣ ገርጥቶ፣ ግን እንደ ቀስት ገመድ ቀጥ ብሎ ወጣ። ባላምባራስ ዘረጋው፣ አጠፈው፣ አዞረው። ከግቢው ድንጋይ አነሣና ከራሱ በላይ ያዘው።

«እጅዎ ይባረክ» አለ። የምሩን ነበር።

«ልጄን።»

«ነገ።»

በማግስቱ ግድግዳው ሥር እንደተቀመጥን ይበልጣል በእግሩ መጣ፤ ሁለት ባንዳዎች ከኋላው ናቸው። ቀኝ ክንዱን በግራው ታቅፎታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ክርኑ እንደ ቅል አብጦ ነበር።

ከባንዳዎቹ አንደኛው መልእክቱን ሳያዛባ አደረሰ። «ባላምባራስ ‹ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ ልጅዎ በሕይወቱ መጥቷል። ክንዴም ጥሩ ሆኗል፣ መዶሻ ያነሣል› ብለዋል።»

እሜቴ ዘርፌ አልጮኹም፣ ደረታቸውን አልመቱም። ልጃቸውን አስቀመጡና በሁለት አውራ ጣታቸው ከትከሻው ጀምረው ወደ ታች ወረዱ። ክርኑ ላይ ሲደርሱ አውራ ጣቶቻቸው ቆሙ። ቦታው ልክ ነበር፤ እሳቸው ጣት ይዘው ያኖሩበት ነው። ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘጠኝ ቀን እብጠቱ እስኪወርድ ጠበቁ። በዘጠነኛው ቀን እንደ ማናችንም ከግድግዳው ሥር አስቀመጡት።

«ስማ» አሉት። «እንዳሰርኩት ነው የሚደርቀው። ከዚያ ወዲያ አይታጠፍም፣ አይዘረጋም። ዘርግቼ ካሰርኩት እርፍ ይደርሳል። አጥፌ ካሰርኩት አፍህ ይደርሳል።»

«ዘርጊው።»

«በምን ልትበላ?»

«በግራዬ።»

«ከማን መሶብ?»

በአገራችን በግራ እጁ የሚጎርስ ሰው ከማንም ጋር አይቀርብም፤ ሠርግ ላይ አይጠራም፣ ተዝካር ላይ ለብቻው ይሰጠዋል። ቀኙ ግንባሩ ላይ ካልደረሰም ማማተብ አይችልም። ይህን ሁሉ ይበልጣልም ያውቃል።

«ካላረስኩስ» አለ፣ «የምጎርሰውን ከየት አመጣለሁ?»

«እሱን ትፈልጋለህ።»

«እናቴ፣ እኔ ከማረስ ሌላ የማውቀው የለም።»

«ትማራለህ» አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበረ። ያየሁት አንጀት ይህ ነው። ወዲያው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግለጥ። እየው።» እኛም አንገታችንን ደፍተን ነበርና ወደ እኛ ዞረው «እናንተም እዩ» አሉን።

ክንዱን አጠፉት። ጣቶቹ ከንፈሩን እስኪነኩ እየለኩ አጠፉት። ያለቀሰው መምሬ ብቻ ነው።

አስረው ሲጨርሱ «ማንም ከጠየቀህ በቅሎ ጣለችኝ በል» አሉት። ባላምባራስ ሰበረኝ ብሎ ማውራት ተመልሶ ወደ ገበያው መስቀያ እንጨት መሄድ ነበርና፣ በቅሎ ጣለችኝ አለ። እኛም እንዲያ አልን። እኔ በበኩሌ እንዲያ ማለቱ ተመችቶኝ ነበር።

በሳምንቱ እግሬ ቀንቶ ከዚያ ቤት ወጣሁ። ከአጥሩ ሳልወጣ ጠሩኝ። «ጠያቂ ነህ» አሉኝ። «ጠይቅ። ግን የሚሰማውን እያየህ።» ወቀሳው ይኸው ነው፤ ሌላ አላከሉበትም፣ ይቅር ማለታቸውም ይሁን አለመሆኑ እስካሁን አልገባኝም።

ጣሊያን ሲወጣ ባላምባራስ ወደ ጎንደር ሸሸ፤ ከዚያ ወዲህ ደብረ ታቦርን አልረገጠም። ተሰቀለ የሚሉ አሉ፤ አልተሰቀለም። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት ሲፈርም አገኘሁት፤ ወፍሯል፣ ሌላ ማዕረግ ተጨምሮለታል። አወቀኝና ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት። ልዋሽ ብዬ ነበር፣ ግን ጨበጥኩት። «አሮጊቷ ደህና ናቸው?» አለኝ። «ብርድ ሲሆን እንኳ አያመኝም እኮ።»

እሱ ስለሌለ ከተማው ክንዱን እንደፈለገ አደረገው። ነጻነት በመጣ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ወሬው ጸንቶ አገኘሁት፤ እሜቴ ዘርፌ የባንዳውን ክንድ እንደ ማጭድ አጣመው ሰደዱት ይባላል። የተጣመመ ክንድ በከተማው ውስጥ እንዳለ ሰው ሁሉ ያስታውሳል፤ የማን እንደሆነ ግን የሚመቸውን መረጠ። የልጃቸው ክንድ በየቀኑ በፊቱ ሲያልፍ እያየ፣ በቅሎ ነው የጣለችው ይላል።

አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጄ ይህን ወሬ ፊታቸው ሲያወሩት ሰማሁ። እንግዶቹ ሲወጡ «ለምን ዝም ይላሉ?» አልኳቸው። የበግ ጎድን እየገጠሙ ነበር።

«ዕድሜዬን ሙሉ ቀና ስሠራ ኖሬ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «የሚያመሰግኑኝ ባልሠራሁት ጠማማ ነው።»

አርባቸው ላይም ወሬው መነሣቱ አልቀረም። አንድ ወጣት አስተማሪ ተነሥቶ በክንዱ እያሳየ ተረከው፤ ባንዳው እንዴት እንዳለቀሰ፣ ክንዱ እንዴት ተጣሞ እንደቀረ። ዳሱ በሣቅ ተሞላ፤ ያቺ ያለቀሰችው ሴት ሳይቀር ሣቀች። ይበልጣል በመሐላችን እየዞረ ጠላ ይቀዳ ነበር። ቀኝ ክንዱ ደረቱ ላይ ታጥፎ ቀርቷል፤ ማሰሮውን በግራው ይዞ ለእያንዳንዱ ሰው ዝቅ እያለ «በግራዬ ነው፣ ይቅርታ» ይላል። አስተማሪው ንግግሩን ሳያቋርጥ ዋንጫውን ዘረጋለት። ተቀዳለት። ከጎኔ የተቀመጠ የሩቅ አገር እንግዳ «ወንድም፣ እጅህን ምን አገኘው?» አለው።

«በቅሎ ጣለችኝ» አለ ይበልጣል።

እኔ ጋ ደረሰ። ዋንጫዬን በሁለት እጄ ያዝኩለት። ተያየን። «በግራዬ ነው፣ ይቅርታ» አለኝ፤ ለእኔም። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ጠላውን ጠጣሁበት።

አንባቢ፣ ደብረ ታቦር ገበያ ከሄድክ ከእህል ተራው ዳር ቀኝ ክንዱ የታጠፈ፣ በግራው የሚሰፍር ሰው ታገኛለህ። ስለ እናቱ አትጠይቀው። የባንዳውን ታሪክ አትንገረው። ክንዱንም አትይበት። ሰፍሮ ሲሰጥህ ይቅርታ ይጠይቅሃል፤ እህልህን ተቀበልና ሂድ።